ከራጉኤል እስከ ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ በሞደም

ባለፈው ሰሞን ሚኒባስ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠ ጎረምሳ በስልኩ ቪዲዮ ሲያይ ድንገት ቆመበት። «ይሄ ኔትወርክ ጨረሰን እኮ» አለ፣ ለኔ ይሁን ለረዳቱ አላውቅም። ዓይኑን ሁለቴ ሳያርገበግብ ቪዲዮው ቀጠለ። እኔ ግን ሳቄ መጣና «ወራጅ አለ» እስክል ድረስ ለብቻዬ ስንከተከት ሄድኩ። ልጁ ጤናዬን ተጠራጥሮ ወደ መስኮቱ ጠጋ አለ። አልፈረድኩበትም፤ እሱ ሞደም አላየም።

ሞደም ለማታውቁ፣ ኮምፒውተርን ከስልክ ሽቦ ጋር የሚያገናኝ፣ የሳሙና ማስቀመጫ የምታክል ሳጥን ነበረች። ሥራ ስትጀምር ትጮኻለች። ጩኸቷን በጽሑፍ ማስረዳት ከባድ ነው። ጅራቷ ላይ በር የተዘጋባት ድመትና ፉጨት የሚለማመድ ሰው አንድ ክፍል ውስጥ አስቡልኝ። ይህቺ ሳጥን ትዳሬን ልታሳጣኝ ነበር ብላችሁ አጋነንክ ትሉኛላችሁ። እስቲ ስሙኝና ፍረዱ።

ዘመኑ ሞባይል ገና ሰው እጅ ያልገባበት ነው። ከራጉኤል ጀርባ ባለች ቅያስ ውስጥ «የኮምፒውተር ጽሕፈት፣ ካርድና ካሌንደር ዝግጅት» የሚል ሰሌዳ የሰቀልኩባት የቆርቆሮ ሱቅ ነበረችኝ። በቅያሷ ስልክ ያለኝ እኔ ብቻ ነኝ። መርካቶ ውስጥ ደግሞ አንድ ሰው ስልክ አስገባ ማለት ጎረቤቱ ሁሉ ስልክ አስገባ ማለት ነው። ቁጥሬን ጫማ ሰፊው ለዘመዶቹ ሰጥቶታል፤ ሸማ ነጋዴው ለደንበኞቹ አድሎታል፤ እስከ ዛሬ ስሙን በቅጡ የማላውቀው አንድ ደላላ አድራሻ ካርዱ ላይ አሳትሞታል። ካርዱን ያተምኩለት ራሴ ነኝ።

ግድግዳ የምትጋራኝ ቅመም ነጋዴዋ እትዬ ዘውዴ ናቸው። «አንተ ልጅ፣ በየደቂቃው ስልክ ስልክ እያልክ ስታስሮጠኝ ጉልበቴ አለቀ» ቢሉኝ ከኔ መስመር ሽቦ ጎትቼ ሁለተኛ ስልክ እሳቸው ሱቅ አስቀመጥኩላቸው። እዚህ ሲጠራ እዚያም ይጠራል፤ እዚያ ሲነሳ እዚህ ይሰማል። በአንድ መስመር የምንኖር ሁለት ቤቶች ሆንን።

አሁን ወደ ልቤ ጉዳይ ልምጣ። ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አጠገብ ጋሼ ወልዴ የሚባሉ ቁልፍ፣ ማጠፊያና ምስማር የሚሸጡ ሰው አሉ። ሱቁን የምታግዛቸው ልጃቸው ሰላማዊት ናት። ያን ጊዜ ሰው ሁሉ የስልኩን መዘውር ቀዳዳ ላይ በምትገባ ትንሽዬ ቁልፍ ይቆልፍ ነበር፤ አላፊ አግዳሚው እንዳይደውልበት። እኔም ለስልኬ ቁልፍ ልገዛ ሄጄ ሰላማዊትን አየሁ። በሳምንቱ ሌላ ቁልፍ አስፈለገኝ። ከዚያ በኋላ ቁልፍ ሳያስፈልገኝ የዋለበትን ቀን አላስታውስም። «ስልክህ ስንት ቀዳዳ ነው ያለው?» አለችኝ አንድ ቀን፣ ፊቷን ሳትፈታ። አንድ ጨምሬ ገዛሁ።

በመጨረሻ ሽማግሌ ላክሁ። ጋሼ ወልዴ ሽማግሌዎቹን በክብር ተቀብለው አንዲት ጥያቄ ብቻ ጠየቁ፤ «ልጁ የሚሸጠው ምንድን ነው?»

«ኮምፒውተር ላይ ይሠራል።»

«ይሥራ። የሚሸጠውን ነው የጠየቅኩት። በእጅ ይያዛል? ይመዘናል? ሲወድቅ ድምፅ አለው?»

በሕግ አምላክ፣ ሽማግሌዎቹ ምን ይበሉ? ጋሼ ወልዴም አሰብ አደረጉና «ቅዳሜ ከምሳ በፊት እኔው ራሴ ደውዬ ለልጁ ቃሌን እሰጣለሁ። ስልኩን ራሱ ያንሳ። ቃሌን በሰው አልልክም፣ ሁለተኛ ቀጠሮም የለኝም» ብለው ሸኟቸው። እንግዲህ የዕድሜ ልክ ኑሮዬ በአንድ ቅዳሜ ጠዋት ላይ ተንጠለጠለ።

ለዚያው ቅዳሜ ደግሞ የካሌንደር ሥራ ደረሰብኝ። ነሐሴ እያለቀ ነው፤ የብረታ ብረት ነጋዴዎች እድር የአዲሱን ዓመት ካሌንደር እኔ ዘንድ አሠርቷል፤ በየወሩ ላይ የአንድ አባል ፎቶ ይወጣል። መስከረምን ሁሉም ፈለገ። ጳጉሜን ማንም አልፈለገም፣ የእድሩን ድንኳን አደረግሁበት። ጋሼ ወልዴን ግን ማንንም ሳላማክር ጥር ላይ አስቀመጥኳቸው። በሠርግ ወር። ብልህ ነኝ ብዬ ማመን የጀመርኩት ያን ዕለት ነው፣ ያቆምኩትም በዚያው ሳምንት።

ሥዕሎቹ የሚላኩት ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ካለው ማተሚያ ቤት፣ ጓደኛዬ ከድር ዘንድ ነው። ከድር ቀደም ብሎ አርብ ዕለት መጣና አንድ ሃርድ ዲስክ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠ።

«ገልብጥልኝና ይዤው ልሂድ» አለኝ።

ኮምፒውተሬን ከፍቼ ዲስኩን በጠፍጣፋው ሽቦ ሰካሁት። ሥዕሎቹን በሙሉ ለመገልበጥ አንድ ደቂቃ አልፈጀም። ከድር እጁን ሲዘረጋ ግን ዲስኩን ወደ ራሴ ሳብ አደረግሁት።

«በሞደም ነው የምልክልህ» አልኩት።

«አንተ ሰውዬ፣ ኪሴ ይበቃል እኮ።»

«በዚህ ጭቃ?»

«ጭቃው ጫማዬ ላይ ነው፣ ኪሴ ውስጥ አይገባም።»

አልሰማሁትም። ሞደሙን በዚያው ሰሞን ነበር የገዛሁት፤ ሂሳቡንም ሠርቻለሁ። ሥዕሎቹ ሃያ ሜጋባይት ናቸው፣ ሃያ ሺህ ኪሎ በሉት። ካርቶኑ ላይ «ሃምሳ ስድስት ኪሎ በሰከንድ» ይላል። ሲካፈል ስድስት ደቂቃ ገደማ። በእግር ሩብ ሰዓት ነው፣ ያውም ተሸካሚ ሳይገፋህ። ጋሼ ወልዴ ሳይደውሉ ሥራዬን ጨርሼ፣ ሲደውሉ ደግሞ «ጋሼ፣ አሁን ነው እርስዎ ሰፈር ዕቃ በስልክ ያደረስኩት» ልላቸው ነው ሐሳቤ። ከድርን ባዶ ኪሱን ሸኘሁት። ዲስኩን ወረቀት እንዳይበርብኝ ደብዳቤዎች ላይ ጫንኩት።

ያላወቅኩት፣ የካርቶኑ ኪሎ ሌላ የኔ ኪሎ ሌላ መሆኑን ነው። ዲስክ የሚሸጡት በባይት ይሰፍራሉ፤ ሞደም የሚሸጡት በቢት ይቆጥራሉ። ስምንት ቢት ነው አንድ ባይት የሚሆነው። አንዱ ስንዴውን በቁና ሲሰፍርልህ ሌላው ፍሬ በፍሬ ቆጥሮ «ይኸው ሃምሳ ስድስት ሺህ» ይልሃል። መርካቶ ተወልጄ፣ መርካቶ አድጌ፣ የተጣመመ ሚዛን ከሩቅ የማውቅ ሰው በካርቶን ተሸወድኩ።

ቅዳሜ ጠዋት ከድር ደወለ፤ ሞደሜ አነሳች፤ ጮኸች። የቅያሷ ሰው «ምን ተፈጠረ?» እያለ በሬ ላይ ተሰበሰበ። እኔ ደረቴን ነፍቼ «ሥራ ነው» እላለሁ። ጩኸቱ ሲያበቃ ስክሪኑ ላይ ፍጥነቱ ወጣ። አስራ አራት። ሃምሳ ስድስቱ ካርቶኑ ላይ ቀርቷል። ከሥሩ «የቀረው ጊዜ፦ ከሦስት ሰዓት በላይ» ይላል። ኮምፒውተሩ ሂሳብ አይችልም ብዬ ደመደምኩ። ዝናቡ ጀመረ፤ ያኔ ዝናብ ሲመጣ የስልክ ሽቦም እንደ ሰው ቤቱ ይገባል።

ትንሽ እንደሄደ መስመሩ ድርግም አለ። ወዲያው እትዬ ዘውዴ ስልካቸውን እንደያዙ በግድግዳው በኩል ተጣሩ።

«አንተ ልጅ፣ ስልክ ውስጥ አንዲት ሴት ጮኸችብኝ።»

«እትዬ፣ ሴት አይደለችም። እባክዎ አያንሱት፣ ሲያነሱት ይቋረጥብኛል።»

«የአላባ በርበሬ ዛሬ ይገባል። ሰውዬው ይደውላል።»

«ለስድስት ደቂቃ ብቻ።»

በስድስተኛው ደቂቃ አነሱት። ሥዕሎቹ ደግሞ ሲቋረጡ ካቆሙበት አይቀጥሉም፤ ከመስከረም ይጀምራሉ። ሁለተኛ ጀመርን፣ ሁለተኛ አነሱት። ሄጄ የሳቸውን እጀታ ከነማስቀመጫው በሲባጎ ጠፍሬ አሰርኩት። እትዬ ዘውዴ ሥራዬን ከዳር ቆመው አዩና «እንዲህ የሚገነዝ ሬሳ ነው» አሉ። ቃላቸው ቀዝቃዛ ነበር፣ እኔ ግን እልህ ይዞኛል።

ከድር ደወለና «በቃ አንተም ስልኩን አትንካው» አለኝ። «ሲጠራ ሞደሙ ራሱ እንዲያነሳ አድርገው። እኔ መስመሩ እስኪስተካከል እየደጋገምኩ እሞክራለሁ።»

እንዳለው አደረግሁት። እጄን አጣጥፌ ላለመቀመጥም ሥዕሎቹን ፍሎፒ ወደምትባለው ስስ የፕላስቲክ ዲስክ መገልበጥ ጀመርኩ። ፍሎፒ ከሞደሙ ትፈጥናለች፣ ግን የምትይዘው ቁንጣሪ ናት፤ ለአንድ ካሌንደር አንድ ካርቶን ፍሎፒ አይበቃም። ታኅሣሥን ስገለብጥ ማጫወቻው ጥርሱን አፋጨና «አይነበብም» አለኝ። ያቺን ጥዬ ሌላ ከተትኩ። በዚህ መሀል ስልኩ አንዴ ይጠራል፣ ሞደሟ ታነሳለች፣ ትጮኻለች፣ ይዘጋል። እንደገና ይጠራል፣ ትጮኻለች፣ ይዘጋል። «አይዞህ ከድር፣ በርታ» እላለሁ ከፍሎፒዬ ቀና ሳልል። ሦስተኛ። አራተኛ። የከድርን ጽናት በልቤ አደነቅኩ።

እትዬ ዘውዴ በሩ ላይ መጥተው ቆሙ። ስለ በርበሬው ሊቆጡኝ መስሎኝ ነበር።

«ዛሬ አይደል እንዴ የልጅቷ አባት የሚደውለው?» አሉ።

እጄ ላይ ያለችው የየካቲት ፍሎፒ ወደቀች። ሰዓቴን አየሁ፤ ለስድስት ሰዓት ጥቂት ነው የቀረው። ሞደሙን ነቅዬ ከድር ጋ ደወልኩ።

«ስንቴ ደወልክልኝ?»

«ሞደሙ ራሱ ያንሳ ካልኩህ በኋላ? አንዴም። ስልኩን እንዳስቀመጥኩ መብራት ጠፋ። ሻይ እየጠጣሁ ነው። አንተ ጋ አለ እንዴ መብራት?»

«ታዲያ ያ ሁሉ ጩኸት ማን ላይ ነው የተጮኸው?»

ከድር ቀስ ብሎ «ወላሂ እኔ ላይ አይደለም» አለኝ።

ጋሼ ወልዴ ሱቅ ደወልኩ። ሰላማዊት አነሳች።

«አባዬ የለም። ራጉኤል ሄዷል።»

«ምን ሊያደርግ?»

«ጠበል ሊቀዳ። አራቴ ደወለልህ፣ አራቴ የሆነ ነገር ጮኸበት። አራተኛውን ለኔም አሰማኝ።»

«አንቺስ ምን አልሽው?»

«እሱ የሚያወራው እንዲህ አይደለም አልኩት። ሌላ ምን ልበል?»

«ሰላም፣ ምን ሊለኝ ነበር የደወለው?»

«ለኔ ይነግረኛል ብለህ ነው? ግን ጠዋት ሱፉን ነው ለብሶ የመጣው።»

«ለስልክ?»

«ለስልክ» አለች። ሰው ለእምቢታ ሱፍ አይለብስም።

ብዙ ሳይቆይ ጋሼ ወልዴ መጡ። ሱፋቸው ላይ ዝናብ፣ ጫማቸው ላይ ጭቃ፣ እጃቸው ላይ የፕላስቲክ ጠርሙስ። ሰላም አላሉኝም።

«የት ነው ያለው?»

«ማን ጋሼ?»

«የሚጮኸው።»

በጣቴ አሳየሁ። በስመ አብ ብለው መጀመሪያ ሞደሟን፣ ቀጥሎ እኔን፣ የተረፈውን ፍሎፒዎቹ ላይ ረጩ። ታኅሣሥ ያኔ ሙሉ በሙሉ ሞተች። ጨርቅ ፍለጋ መሳቢያዬን ሳብ ሳደርግ ቁልፎቹ ተንኳኩ። ጋሼ ወልዴ ጎንበስ ብለው አዩ። አንዱን አነሱ፣ መለሱ፣ ሌላውን አነሱ።

«እነዚህ በሙሉ የኔ ናቸው?»

«አዎ ጋሼ።»

«ስንት ስልክ ነው ያለህ?»

«አንድ።»

መሳቢያውን ዘጉት። ምን እንዳሰቡ ፊታቸው ላይ አልተጻፈም።

«ጋሼ፣ ይሄ ጋኔን አይደለም፣ ሥራዬ ነው። ላሳይዎት» አልኩና ከድር ጋ ደወልኩ። መብራቱ ተመልሷል። እንዲደውልልኝ ነግሬው ሞደሟን አፍዋን ጠራርጌ ሰካኋት። ስልኩ ጠራ፤ ጮኸች፤ ጋሼ ወልዴ ጠርሙሱን ወደ ደረታቸው ጠጋ አደረጉ። ስክሪኑ ላይ ፍጥነቱ ወጣ። ሃያ አራት። ከገዛኋት ጀምሮ እንዲህ ሮጣ አታውቅም። በኋላ ለከድር ስነግረው «ምናለ ከጠዋቱ ብታስረጭላት» ብሎኛል።

«አሁን ምን እያደረገ ነው?» አሉ ጋሼ ወልዴ።

«የእድሩን ካሌንደር እየላከ ነው።»

«ወዴት?»

«ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ።»

«አሁን ከዚያ ነው እኮ የመጣሁት።» ስክሪኑን ቀረብ ብለው አዩ። «መቼ ይደርሳል?»

«ሁለት ሰዓት ይፈጃል መሰለኝ። መስመሩ ካልተቋረጠ።»

ጋሼ ወልዴ ወደ ውጭ አዩ። ደመናው ሳሳ ብሏል፤ ተሸካሚዎች «ገለል በሉ» እያሉ ጆንያቸውን ይዘው በጭቃው ላይ ይበራሉ። ከዚያ ዓይናቸው ደብዳቤዎቼ ላይ የተቀመጠው ዲስክ ላይ አረፈ።

«ይሄስ ብረት?»

«እሱም ያው ነው። በስልክ የምልከው በሙሉ እሱ ውስጥ አለ።»

«አለ?»

«አለ። ከትናንት ጀምሮ።»

«ታዲያ ምን ትጠብቃለህ?»

እውነቱን መናገር ነበረብኝ። «ስልኩን» አልኩ።

ዲስኩን አነሱት። በመዳፋቸው መዘኑት፣ በጥፍራቸው ኳ አደረጉት። ከሱፋቸው የውስጥ ኪስ ከተቱት፣ የከድርን ማተሚያ ቤት ጠየቁኝ፣ ሄዱ። ስለ ሰላማዊት አንድ ቃል አልተነፈሱም። ምሳ ሰዓት አልፏል። ሁለተኛ ቀጠሮ የለኝም ያሉት ትዝ ሲለኝ በርጩማዬ ላይ ቁጭ አልኩ፤ እትዬ ዘውዴም መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ። የተቆጡትን ረስተውታል። ሁለታችንም ስክሪኑ ላይ የምትሳበውን መስመር እናያለን።

እዚያ የሆነውን ከድር ነው የነገረኝ። ጋሼ ወልዴ ገብተው ዲስኩን አስረከቡት፤ ሰክቶ ከፈተው። መስከረም መጣ፣ የእድሩ ሰብሳቢ። ጥቅምት፣ ኅዳር፣ ታኅሣሥ። ከዚያ ጥር መጣ፤ ጋሼ ወልዴ ሱቃቸው ውስጥ ቁልፍ ይዘው ቆመው። ስክሪኑን አዩ፣ የሱፋቸውን ኪስ ዳሰሱ።

«ኪሴ ውስጥ የነበረው ይሄ ነው?»

«አዎ ጋሼ።»

«እድሩ ሁሉ?»

«ድንኳኑ ሳይቀር።»

«ታዲያ ዕቃ ነው በሉኛ» አሉ። «እኔው ተሸክሜው መጥቼ?» ቀጥለውም ከድር ይተዉ እስኪላቸው ሳይጠብቁ ሞደሙ የተሰካበትን ስልክ አነሱ።

እኔ ጋ መስመሩ ተቋረጠ። ከመቶ አስራ ስምንት ላይ ነበር፤ ጥር እንኳ ሳይታሰብ ገና ኅዳር ላይ። እትዬ ዘውዴ ሁለት እጃቸውን ወደ ላይ አንስተው «እኔ አልነካሁም» አሉ። ወዲያው ስልኩ ጠራ። ዘልዬ ከመድረሴ በፊት ያቺ ጉደኛ ቀድማኝ አነሳችና ጮኸች። አምስተኛ ጊዜ። አሁንስ አለቀልኝ ብዬ ራሴን ያዝኩ።

ሞደም ስትጮህ ከሆዷ ያለችው ትንሽ ድምፅ ማጉያ ከወዲያ ማዶ ያለውንም ታሰማለች። በጩኸቱ መሀል የሰው ድምፅ መጣ። ያንን ድምፅ ቁልፍ ስገዛ ዓመት ሙሉ ሰምቼዋለሁ።

«አንተ ቆርቆሮ» አሉ ጋሼ ወልዴ። ሞደሟ አፏጨች። «አሁን አልዘጋም፣ ለምጄሃለሁ። ለጌታህ ንገርልኝ።» ሞደሟ እሪ አለች። «ጥር ላይ ነው ያስቀመጠኝ አይደል?» ጠብቀው ጩኸቷ ጋብ ሲል፣ አንድ በአንድ፣ ምስማር እንደሚቆጥር ሰው ተናገሩ። «ወልዴ ጥር ይሁን ብሏል በለው።»

ዘጉት። እትዬ ዘውዴ እልልታቸውን ሲያቀልጡት ቅያሷ ሁሉ ወጣ፤ ጫማ ሰፊው፣ ሸማ ነጋዴው፣ ያ ደላላም ጭምር። እኔ ማልቀሴን ላለማሳየት ወደ ስክሪኑ ዞርኩ። ሞደሟ ጥቂት ጠብቃ፣ ከወዲያ በኩል የምታውቀው ድምፅ ስላጣች፣ ተስፋ ቆርጣ የመጨረሻ ቃሏን ጽፋልኛለች።

«ግንኙነቱ አልተሳካም» ይላል።